ቤቱን በኮምፔርሳቶ ለካሁት

ሙያዬ የእንጨት ሥራ ነው። ለዓመታት የቤት ኪራይም የሱቅ ኪራይም ስከፍል ኖሬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 150 ካሬ ሜትር ቦታ ስትገኝ ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር ለማድረግ ተነሳሁ። ገንዘቤ ጥቂት ስለነበረች ንድፉን ራሴ በእርሳስ ጀመርኩት። ለፈቃድ የሚሆነውን ፕላን ባለሙያ አስተካክሎ ሠራልኝ።

ብዙ ሰው ቤት ሲያስብ ከሳሎን ይጀምራል። እኔ የጀመርኩት ከኮምፔርሳቶ ነው፤ ስስ እንጨት ተደራርቦ ከተጣበቀበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ። አንዱ ኮምፔርሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በሰርኩላር፣ ማለትም በክብ መጋዝ ማሽን፣ በቁመቱ ስትሰነጥቀው ከመጋዙ በፊት 2.44፣ ከመጋዙ በኋላም 2.44 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። አንተ የምትቆምበትን ጨምርበት፣ ስድስት ሜትር ይጠጋል። ወደ ጎን ግን ያን ያህል ስፋት አያስፈልግም። ስለዚህ የሥራ ቦታዬ ጠበብ፣ ረዘም ያለ ሆነ፤ 4 በ7 ሜትር። ማሽኑን ከበሩ ትይዩ አስቀመጥኩት። ረጅም ሞራሌ፣ ማለትም አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት፣ ሲመጣ በሩን ከፍቼ ጫፉን ወደ ግቢ አወጣዋለሁ። ቤት የማስረዘሙን ወጪ በር በመክፈት ተገላገልኩት።

ወርዱን 4 ሜትር ማድረጌ ለጣሪያውም በጀ። የሚሸከመው ባሕር ዛፍ ነው፤ ርቀቱ ሲሰፋ ወይ ወፍራም እንጨት ወይ ብረት ይጠይቃል። እኔ ፈቃድ ሳወጣ ይሠራበት በነበረው የሕንፃ አዋጅ 624/2001፣ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ምድብ «ሀ» ነበር። ጣጣው ከሌሎቹ ምድቦች ይቀል ነበር። እናንተ ግን ከመቆፈራችሁ በፊት በመኖሪያ ቦታ ላይ ማሽን መትከል ይፈቀድ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

መኖሪያው ሁለት ክፍልና አንዲት ማድቤት ነው፤ እሱም 4 በ7። ግድግዳው ጭቃ ነው። «ባለሙያ ሆነህ ጭቃ ቤት?» ያለኝ ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ አይጣል ነው። በደንብ የተመረገ ወፍራም ጭቃ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። በዚያ ላይ አጠናውም ጭዱም እዚሁ ይገኛል። ዋናው ትዕግሥት ነው፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ሳይቦካ አይመረግም፣ ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁን ሳይጨርስ አይለሰንም። አጠናውን ልጠን አድርቀን፣ መሬት የሚገባውን ጫፍ ለምስጥ ብለን የተቃጠለ ዘይት ቀባነው።

መኖሪያውን በደቡብ፣ የሥራ ቦታውን በሰሜን አደረግሁ። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ መስኮቶቹ ያኔ ቤቱን በነፃ ያሞቁታል። ለእንጨት ሥራ ደግሞ የሚሻለው የሰሜን ብርሃን ነው፤ ዓይን አይወጋም፣ ጥላ አያሳስትም። ሰኔ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ብትዞርም ያኔ ሰማዩ ደመና ነው።

ትልቁ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ነበር። ባለቤቴ በሌላው ሁሉ ተስማምታ እዚህ ላይ ግን ፍንክች አላለችም። «ሙያህን እወዳለሁ፣ ሰጋቱራህን ግን ሽሮዬ ውስጥ አልፈልገውም» አለችኝ። ስለዚህ ከሥራ ቦታው ወደ ቤት የሚያስገባ በር የለም። ዝናብም ቢሆን በውጭ ዞሬ፣ ልብሴን አራግፌ ነው የምገባው። በመካከል 1 ሜትር ስፋት ያላት የእንጨት ማስቀመጫ አስገባን። የተደረደረው እንጨት የማሽኑን ጩኸት ይቀንስልናል።

ከመኖሪያው ግድግዳዎች ከሥራ ቦታው ጋር የሚዋሰነው ብቻ ብሎኬት ነው፤ ከፍታውም እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይደርሳል። ግንበኛው በኮርኒሱ ልክ ሊያቆሙት ነበር፤ እኛ ጋ የተለመደው እሱ ነው።

«ከዚህ በላይ ምን ያደርግልሃል? ኮርኒስ ይሸፍነዋል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አቧራ ኮርኒስ አያውቅም» አልኳቸው።

ስቀው ቀጠሉ። አቧራው ብቻ አይደለም። እሳት ቢነሳ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ልጆቹ መኝታ የሚወስደው አቋራጭ ነው። ኮላና ቬርኒሽ ያለበት ቤት ውስጥ እዚህ ላይ መቆጠብ ዋጋ የለውም። ገንዘብ አጥሮኝ የመኖሪያውን ኮርኒስ ለዓመት አቆይቼዋለሁ፣ ይህን ግድግዳ ግን አልነካሁትም።

መብራት ላይ ባለ ሦስት ፌዝ ማስገባት ብዙ ወጪ ነው። የ3 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት ገደማ፣ በነጠላ ፌዝ ይሠራል። ለአንድ ሰው ሥራ እሱ በቃኝ፤ ሁለት ማሽን ግን አንድ ላይ አላስነሳም። ከቆጣሪው ለሥራ ቦታው ብቻ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር አስዘረጋሁ። ሠራተኛ ቀጥሮ ሁለት ሦስት ማሽን ማሠራት ያሰበ ሰው ይህ ምክር አይሆነውም።

ወለሉ የሥራ ቦታው ላይ አርማታ፣ መኖሪያው ላይ ሊሾ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ወደ ሮቶ ይገባል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ይሰጣል፣ ከ60 ካሬ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 600 ሊትር ገደማ ይገኛል። ለልብስና ለጽዳት ይበቃል።

ሰጋቱራው ቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይነዳል፣ የተረፈው ለዶሮዎቹ ይነጠፋል። ከእንጨት ድቃቂ በማጣበቂያ ተጨምቀው የሚሠሩት የኤምዲኤፍና የቺፑድ ሰሌዳዎች ብናኝ ግን እሳት ውስጥ አይገባም፤ ማጣበቂያው ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ለብቻው የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ነው የምጠርገው።

አሁን የቀረኝ የቬርኒሽ ቦታ ነው። ለጊዜው ግቢ ውስጥ እቀባለሁ፣ ነፋስ ሲነሳ አቧራ ይለጠፍበታል። ለሚቀጥለው በጋ ከሥራ ቦታው በር አጠገብ፣ ከመኖሪያው መስኮቶች ርቃ፣ ብርሃን የሚያስገባ ቆርቆሮ ያላት ዳስ ላቆም አጠና እያደረቅሁ ነው።