የፔትዎርዝን አጋዘኖች ለማየት ሦስት ጊዜ ሄድኩ

በምዕራብ ሰሴክስ፣ እንግሊዝ ወደሚገኘው የፔትዎርዝ ግቢ መጀመሪያ የሄድኩት ጥቅምት እንደገባ ነው። ወቅቱ ፋሎው ለሚባለው የአጋዘን ዝርያ የስሪያ ጊዜ ነው። መንጋውን ከሩቅ ሳይ ካሜራዬን ይዤ በቀጥታ ገሰገስኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝና ኮረብታውን ተሻገሩ። ተከተልኳቸው፤ እንደገና ራቁ። ማታ የቀሩልኝ ፎቶዎች ጀርባና ጭራ ብቻ ነበሩ።

በሁለተኛው ጉዞ ካሜራውን ቤት ትቼ መሬቱን ተመለከትኩ። የመናፈሻ ንድፍ አውጪው ላንስሎት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ያስዋበው ይህ ግቢ የተፈጥሮ መልክ ቢኖረውም፣ ሐይቁ እንኳ የሰው እጅ ሥራ ነው። ዛፎቹን ግን አጋዘኖቹ ራሳቸው ከርክመዋቸዋል። አንገታቸው እስከሚደርስበት ድረስ ቅጠሉን ስለሚበሉት፣ የዛፎቹ ቅጠል የታችኛው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ከአንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ በታች ፍሬው ረግፎ፣ አፈሩም በሰኮና ተጭሮ አገኘሁ። ጭረቱ ጠንካራ የሽንት ሽታ ነበረው። አውራው በዚያው ላይ ሸንቶ ይንከባለልበታል። ማሳደዴን ትቼ እዚህ መጠበቅ እንደነበረብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለሦስተኛው ጉዞ ግቢው እንደተከፈተ ገባሁ። ደረቅ ሣር በትኜ የነፋሱን አቅጣጫ አየሁ፤ ሽታዬ ወደ ዛፉ እንዳይሄድ ዞሬ፣ ከ50 ሜትር በላይ ርቄ ከግንድ ጋር ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ይህን ርቀት ዛሬም አላሳጥርም፤ በስሪያ ወቅት አውራ አጋዘን ሰው የለመደ ቢመስልም አደገኛ ነው። እግሬ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከደረት የሚወጣ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ማጓራት። ቀጥሎ እንደተዘረጋ መዳፍ የሰፋ ቀንድ ታየ። ሌላ አውራ ሲመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እየተለካኩ ተራመዱ፤ ከዚያ ድንገት ዞረው ተጋጩ። ቀንዳቸው፣ አጥንት ከአጥንት፣ ሲላተም ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። በሀገራችን አጋዘን የምንለው እንስሳ ጠምዛዛ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ ይኼኛው ግን በየዓመቱ ይጥለዋል። ያ ሁሉ አጥንት የጥቂት ወራት እድገት ነው!

ሰባት ፎቶ ብቻ አነሳሁ። ከሁሉም የምወደው የጠቡን አይደለም፤ አሸናፊው ደክሞት፣ በተከረከመው ቅርንጫፍ ሥር አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ የተኛበትን ነው።