ልጆቼ የሚፈለጉት በእኔ ስም ነው

በእኛ አገር ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። ጉግል ላይ ልጄን የፈለገ ሰው እኔንም ያገኘኛል። ኢንተርኔት ላይ ስለ ቤተሰባችን ምን እንዳለ ማየት የጀመርኩትም ከዚሁ ነው። የሁላችንንም ስም በአማርኛ ፈለግኩ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድን ስም አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል፣ ስለዚህ የመጣልኝን አጻጻፍ ሁሉ ሞከርኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

የእኔ ፌስቡክ ቀላል ነበር። ሴቲንግ ውስጥ የድሮ ፖስቶችን በአንዴ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ሰው ታግ ሲያደርገኝም ገጼ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንዲጠይቀኝ አደረግኩ። አለቀ።

የከበደው ዘመድ ነው። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ አክስቴ የወንዱን ልጄን ካርድ ፎቶ አንስታ «የኔ አንበሳ!» ብላ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች። ካርዱ ላይ ሙሉ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ክፍሉና ሴክሽኑ፣ የትምህርት ቤቱ ስም አለ። ልጁ ራሱ ደግሞ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከጎኑ ቆሟል። ይህን ያየ ሰው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «አባትህ ልኮኝ ነው» ለማለት ምን ይጎድለዋል? ግን አክስትን «አጥፊው» ማለት እንዲህ ቀላል አይደለም። ቡና እስኪፈላ ጠበቅኩ።

«እታለም፣ ካርዱን በቴሌግራም ለእኛ ላኪልን። ፌስቡክ ላይ ይቅር።»

«ቡዳ ፈራህ እንዴ?»

«እሱም አለ።»

ወዲያው አጠፋችው። ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ሳይነካ ቀረ።

ልጄ ቲክቶክ ስትከፍት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የተወለደችው በ2003 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። 2003 ብላ ልትሞላ ስትል አስቆምኳት። ቲክቶክ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። እንደዚያ ብትሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ትልቅ ሆነች ማለት ነው። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ አካውንቱ ሲከፈት ጀምሮ ፕራይቬት ነው፣ በውስጥ መስመር መልእክት መለዋወጥም አይችልም። ዓመቱ ከተሳሳተ ይህ ጥበቃ ሁሉ የለም። ሆን ብለው ዕድሜ የሚጨምሩ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ሳይዋሽ ያው ነገር ይፈጠራል። ታናሽ ወንድሟ 13 ስላልሞላው ገና ይጠብቃል። አኩርፏል።

ከሁሉም በላይ የሰራልን የስቲከሩ ጉዳይ ነው። የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዲት ልጅ ስታስነጥስ የተነሳችውን ፎቶ ስቲከር አድርገውት ነበር። ልጄ እየሳቀች አሳየችኝ። ስልኳን አልቀማሁም፣ አልተቆጣሁም። «እስቲ ላኪልኝ» አልኳት። ላከችልኝ፣ ፓኩን (ስቲከሩ ያለበትን ጥቅል) ስልኬ ላይ ጨመርኩት። «አሁን ከሁለታችንም ላይ አጥፊው» አልኳት። መልእክቱን አጠፋችው። እኔ ስቲከሬን ከፍቼ ያንኑ ፊት መልሼ ላኩላት። ሳቋ ቆመ። ፓኩን ከስሩ ማጥፋት የሚችለው የሰራው ልጅ ነው። ግሩፕ ላይ ብትናገር ጨዋታው ይደምቃል፤ ስለዚህ በውስጥ ጻፈችለት፦ «ፕሊስ ፓኩን አጥፋው፣ አልቅሳለች።» ትንሽ ተከራከራት፣ ማታ ግን አጠፋው። እኔ ለወላጆቹ ደውዬ ቢሆን እንዲህ የሚያልቅ አይመስለኝም።

እኔም የልጆቹን ፎቶ ከመለጠፌ በፊት እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ አያታቸውም ብትለምን። ትንሹ በዚህ ስልጣኑ በደንብ ይጠቀማል። እዚህ ሐዋሳ፣ እሁድ ፍቅር ሐይቅ ስንወጣ ፎቶ አንሺዎች ይከቡናል። ጥሩ የወጣላቸውን ለማስታወቂያ ገጻቸው ላይ ይለጥፉታል። አሁን ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ትንሹ ቀድሞ «አይለጠፍም!» ይላል። ይስቁና ይስማማሉ። አንዳንዱ ለዚህ ዋጋ ይጨምራል፣ እንከፍላለን።