ታንኮቹ ወዴት ነበር የሚሄዱት?

ግንቦት 2011 ነበር። አንድ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ከገባሁ ስድስት ወሬ ነው። ቻይና ውስጥ፣ ቤጂንግ ከተማ የቲያንአንመን አደባባይ ተቃውሞ በጦር ኃይል የተጨፈለቀበት 30ኛ ዓመት ደርሶ ስለነበር ለውጭ ዜና ገጻችን አንድ ጽሑፍ ተዘጋጀ። ጽሑፉን የሠራው ሌላ ባልደረባ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ፎቶ መርጦ ከሥሩ ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነበር።

ምርጫው አላስቸገረኝም። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የለበሰ ሰው፣ በሁለት እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በተርታ ከሚመጡ ታንኮች ፊት ቆሟል። ይህን ፎቶ ያላየ ማን አለ? ሰውየው ጎልቶ እንዲታይ ብዬ የኋለኞቹን ታንኮች ቆረጥኳቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ታንክ። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ወደ ቲያንአንመን አደባባይ ሲገቡ የነበሩ ታንኮችን ብቻውን ያስቆመው ተማሪ፣ ግንቦት 27 ቀን 1981 ዓ.ም.»። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ገጹ ማታውኑ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

አራሚያችን በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሚያርሙት ወረቀት ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ገጹን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። በሁለቱ መስመሮቼ ላይ ሦስት ቀይ ክብ አለ። «ተማሪ»፣ «ሲገቡ» እና «27»።

«ተማሪ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው?»

ዝም አልኩ።

«እሺ፣ ታንኮቹስ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ አደባባዩ ነዋ።»

«አይተሃል?»

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በል ቪዲዮውን ክፈተው፣ አብረን እንየው» አሉ።

ፎቶውን ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቪዲዮውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትዬው አላውቅም ነበር። ፎቶው ላይ ሰውየው ቆሟል። ቪዲዮው ላይ ይንቀሳቀሳል። የፊተኛው ታንክ በጎን ሊያልፈው ሲታጠፍ እሱም ተጣድፎ ወደዚያው ይሄዳል። ታንኩ በሌላው በኩል ሲሞክር ተመልሶ እዚያም ይቆማል። ፌስታሉን እንደያዘ እጁን ያወናጭፋል፤ ከዚህ ሂዱ የሚል ይመስላል። ከዚያ ታንኩ ላይ ይወጣል። ጎንበስ ብሎ ውስጥ ያሉትን የሚያናግር ይመስላል። ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከወረደ በኋላም አልሄደም፤ እንደገና ፊታቸው ተገተረ። በመጨረሻ ሰዎች ሮጠው መጥተው እየጎተቱ ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱት።

ጋሼ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ። ደግመን አየነው።

ቀጥለን ካርታ ከፈትን። ጎዳናው ቻንግአን ይባላል፤ «ዘላለማዊ ሰላም» እንደማለት ነው። በአደባባዩ ሰሜናዊ ጫፍ አልፎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ታዋቂዎቹ ፎቶዎች የተነሡት ከቤጂንግ ሆቴል ነው። ሆቴሉ ያለው ደግሞ ከአደባባዩ በስተ ምሥራቅ ነው። ታንኮቹም ወደ ምሥራቅ ነበር የሚጓዙት። ከአደባባዩ እየወጡ ነበር እንጂ እየገቡ አልነበረም።

ቀኑም ተሳስቷል። ጦሩ እየተኮሰ ወደ መሀል ከተማ የገባው ግንቦት 26 ለ27 አጥቢያ ነው። ሰውየው የቆመው በማግስቱ፣ ግንቦት 28 ነው። ጋሼ ያንን ወር በደንብ ያስታውሱታል፤ እዚህ አገር የግንቦት 8ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

እኔ ደስ አላለኝም። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ታሪኩ አነሰ» አልኩ። ይህን ማለቴ ዛሬም ይከነክነኛል።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከመግባታቸው በፊት ቢሆን፣ አይተኩሱም ብሎ አስቦ ነው ልትል ትችላለህ። ይህ ሰው ግን መተኮሳቸውን ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ነው የቆመው።»

ከዚያ አንድ ሌላ ፎቶ ፈልጌ አገኘሁ። የዜና ወኪሉ የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ቴሪል ጆንስ ከምድር ያነሣውና 20 ዓመት አቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ከፊት ሰዎች አጎንብሰው ይሮጣሉ። በሩቁ ታንኮቹ ገና እየመጡ ነው። ከእነሱ ፊት፣ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ ያ ነጭ ሸሚዝ ይታያል። መንገዱ መሀል ገብቶ እየጠበቃቸው ነው። ሌላው ሰው በሚሸሽበት ሰዓት እሱ ቀድሞ ቦታውን ይዟል። እዚህ ፎቶ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ዋና አዘጋጁ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ «ገጹስ?» ብሏል። እኔ ግን ባልደረባዬ የሠራውን ጽሑፍ ገና ያኔ ማንበብ ጀመርኩ። ማፈሪያ ነው፤ ፎቶውን ስመርጥ ጽሑፉን አላነበብኩትም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለለውጥ የቆሙ መሪ ተብለው ይታዩ የነበሩት ሁ ያኦባንግ ሚያዝያ ውስጥ ሲሞቱ ነው። ተማሪዎች ለሐዘን ወጡ፤ ሐዘኑ ጥያቄ ሆነ፤ ጥያቄው የረሀብ አድማ ሆነ። ግንቦት 12 ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ የቤጂንግ ነዋሪ ነቅሎ ወጣ። ሠራተኛው፣ አሮጊቱ፣ ብስክሌተኛው የወታደር ካሚዮኖችን ከብቦ አላሳልፍም አለ። ወታደሮቹን እንደ ልጅ ይመክሯቸው ነበር። ውኃና ምግብ ያቀበሏቸውም አሉ። ጦሩ ከቀናት በኋላ ወደ ኋላ ተመለሰ። የ38ኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ሹ ቺንሺያን ደግሞ ሠራዊታቸውን በሕዝብ ላይ አልመራም ብለው አምስት ዓመት ታሰሩ።

ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ሰው እንደለመደው ወጥቶ መንገድ ዘጋ። በዚያ ሌሊት ጦሩ ከአደባባዩ በስተ ምዕራብ ሙሺዲ በሚባለው ሰፈር ተኮሰ። ብዙዎቹ የሞቱት አደባባዩ ላይ ሳይሆን ወደዚያ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ነው። ብዙዎቹም ተማሪዎች አልነበሩም። ዲንግ ዚሊን የተባሉት መምህርት የ17 ዓመት ልጃቸውን በዚያች ሌሊት አጡ። ከዚያ በኋላ ሌሎች እናቶችን ይዘው የሟቾችን ስም አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመሩ።

ይህን ሳነብ «ብቻውን» የምትለዋ ቃሌ ላይ ዓይኔ አረፈ። ጋሼ አላከበቡባትም። እስክሪብቶአቸውን ተውሼ ራሴ ሰረዝኳት። ሰውየውን እየጎተቱ ያወጡት ሰዎችስ? ከእሱ በፊት በባዶ እጃቸው መንገድ የዘጉትስ? ታንኩ ውስጥ ያለው ሾፌርም አለ። እሱም ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ሊደፈጥጠው ሲችል አልደፈጠጠውም።

ከዚያ የቆረጥኳቸውን ታንኮች መለስኳቸው። ይህን ምስል ለማትረፍ ስንት ተለፍቶበታል። ከሆቴሉ ካነሡት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ቻርሊ ኮል ፊልሙን ሆቴሉ ክፍል ውስጥ፣ የሽንት ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደበቀው፤ ደኅንነቶች መጥተው ክፍሉን ሲበረብሩ ሌላውን ፊልም ወሰዱ፣ ያንን አላገኙትም። የሌላው ፎቶ አንሺ የስቱዋርት ፍራንክሊን ፊልም በሻይ ቅጠል ማሸጊያ ተደብቆ ነው ከቻይና የወጣው። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ በአንድ ጠቅታ ታንኮቹን ጣልኳቸው።

መግለጫውን እንደገና ጻፍኩት፦ «ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ከቲያንአንመን አደባባይ ሲወጡ ከነበሩ ታንኮች ፊት፣ ቻንግአን ጎዳና፣ ቤጂንግ፣ ግንቦት 28 ቀን 1981 ዓ.ም.፤ ጦሩ በከተማዋ መንገዶች ላይ ሰላማዊ ሰዎችን በገደለ በማግስቱ»። ሁለቱ መስመር አራት ሆነ። ዲዛይነሩ ቦታ የለኝም ብሎ ተነጫነጨ። ዋና አዘጋጁ ወረቀቱን አነበበው፣ ሰዓቱን አየ፣ «ቦታ ፈልግለት» አለው።

ጋሼ የመጨረሻውን ወረቀት ተቀብለው ቁጭ አሉ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነው። አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ምንም አላከበቡም።

«ፌስታሎቹስ?» አሉኝ።

«ፎቶው ላይ ይታያሉ እኮ፣ ጋሼ።»

«ይታያሉ። ግን ጻፋቸው። ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር።»

«ፌስታል በእጁ የያዘ» ብዬ ጨመርኩ። ለሦስቱ ቃላት ሲባል ዲዛይነሩ የመግለጫውን ፊደል በግማሽ ነጥብ አሳነሰው። ገጹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማተሚያ ቤት ገባ።