ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር ስንት ሰዓት ነው?

መሐል ሜዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ ሲነሣ መፎከር ይቀናዋል። ለአጭር ሥልጠና ኦስሎ በነበርሁበት ጊዜ ወደ ስቫልባርድ ልሄድ መሆኔን የሰሙ ባልንጀሮቼ ስለ ጓንትና ስለ ወፍራም ካልሲ ሲመክሩኝ፣ እኔ በጓሳ ግርጌ ባና ደርቤ በግ የጠበቅሁ የመንዝ ልጅ ነኝ ብዬ ምክራቸውን አጣጣልሁት። በጓንቱ ነገር እነርሱ ልክ ነበሩ። ያላሰብሁት ግን ከብርዱ ይልቅ ብርሃኑ እንደሚያስቸግረኝ ነው።

ስቫልባርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ በተፈረመ ውል ለኖርዌይ የጸና፣ ለሰሜን ዋልታ የቀረበ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን፣ ከመሬቱ ከግማሽ የሚበልጠው በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። ደሴቶቹ ራሳቸው ቪዛ አይጠይቁም፤ ነገር ግን በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም ከሸንገን ክልል፣ ውጭ ስለሆኑና መንገዱ በኖርዌይ በኩል ስለሚያልፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ መንገደኛ መመለሻ ያጣል። ይህን የሰማሁት ትኬቱን ከቆረጥሁ በኋላ ነበርና፣ ፓስፖርቴን ገልጬ የእኔው ደጋግሞ የሚያስገባ መሆኑን እስካረጋግጥ ድረስ ላብ አጠመቀኝ።

የስቫልባርድ ዋና ከተማ ሎንግየርብየን የደረስሁት በሰኔ ጾም፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ሆኜ ዐይኔን በእጄ ጋረድሁ፤ ፀሐይ ፊት ለፊቴ ነበረች።

የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የተዋዋለ ነው፤ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅም አሥራ ሁለት ነው። መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ውሉ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይፈርስም። ሎንግየርብየን ግን 78 ዲግሪ ላይ ነው። የምድር ዘንግ በ23.5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ በመሆኑ፣ እዚያ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አትጠልቅም፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ገደማ ደግሞ አትወጣም። በሰኔ፣ አናት ላይ ሳትደርስ፣ እንደ አውድማ በሬ ሰማዩን ስትዞር ትውላለች፤ ታድራለችም። እኩለ ቀን ላይ በደቡብ ወደ 35 ዲግሪ ከፍ ትልና እኩለ ሌሊት ላይ በሰሜን ወደ 12 ዲግሪ ዝቅ ትላለች።

እናቴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስትነሣ ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ነጋላችሁ?»

«እማዬ፣ መቼ መሸና!»

«ታዲያ ጾሙን በምን ታውቀዋለህ?»

በስልኬ ሰዓት መሆኑን ስነግራት ዝም አለች። መልሱ ለእኔም አላረካኝም።

ብርዱም ቢሆን ሌላ ዐይነት ነው። የመንዝ ብርድ የሌሊት ነው፤ ገብሱን የሚያጠቁረው ውርጭ ፀሐይ በርታ ስትል ይቀልጣል፣ እረኛውም ባናውን ያወልቃል። እዚያ ግን ቀንና ሌሊቱ ልዩነት የለውም። መሬቱ በበጋ ከላይ ብቻ እየሟሟ ከሥር ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስለሚኖር፣ ቤቶቹ በቋሚዎች ላይ ከፍ ተደርገው ነው የተሠሩት። ዛፍ የሚባል የለም። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ሲቆም ላየ ሰው፣ የዚያ አገር አኻያ ከጫማ ሶል እምብዛም ከፍ ሳይል መሬት ላይ ተለጥፎ ማየት ያሳዝናል።

በማግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ነዋሪዎቿ ወደ ለቀቋት የሩሲያውያን የድንጋይ ከሰል ከተማ ወደ ፒራሚደን በጀልባ ሄድን። መሪያችን በዋልታ ድብ ምክንያት ጠብመንጃ አንግቶ ነበር፤ እንደ አያቴ ምንሽር በየጥይቱ የሚቀባበል ስለነበር፣ በዚያ አገር የማውቀው ዕቃ እርሱ ብቻ ነው። ከከተማይቱ ማዶ ካለው የኖርደንሾልድ ግግር ፊት ጀልባዋ ሞተሯን አጠፋች። ከዚያም የሆነ ነገር ሲንጣጣ ሰማሁ። መሪያችን ከውኃው ላይ የጡጫ ያህል በረዶ በመረብ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ። መስተዋት ይመስላል፤ ውስጡ በጥቃቅን አረፋዎች ተሞልቷል። በረዶው ከብዙ ዘመን በፊት በላይ በላዩ ሲደራረብ ታምቆ የቀረው አየር፣ መውጫ ባገኘ ቁጥር ጠሽ እያለ ይፈነዳል። በባዶ እጄ ይዤው ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ ስልኬን አስጠግቼ ድምፁን ቀዳሁት።

መሐል ሜዳ ከተመለስሁ በኋላ ያን ድምፅ ለእናቴ አሰማኋት። ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠችና፣ «ቆሎውን የሚያምሰው ማነው? እሳቱን ቀነስ ያድርግ፤ ያርርበታል» አለችኝ።