የጥበቃው መዝገብ

ቦታው ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ነው። ከምሽቱ 2፡10 ላይ አንዲት ደንበኛ በኋላ በኩል ወዳለው መታጠቢያ ቤት ስትወርድ ደረጃው ላይ ገፍትረው ስልኳን ነጠቋት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። የካፌው ባለቤት ጠበቃ ዘንድ የሄደችው “ሌባው ከውጭ የመጣ ነው፤ ማን አስቦት?” ብላ ነው።

ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቃት የጥበቃውን የርክክብ መዝገብ ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ስለዚያው ደረጃ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፦ “የደረጃው አምፖል ተቃጥሏል፣ ለእትዬ ተነግሯል።” “የደንበኛ ስልክ ተሰርቋል፣ የኋላው በር አይቆለፍም።” እንደገና አምፖሉ። ከሥር ያለው ፊርማ የጥበቃው ብቻ ነው።

“ይቺን ገጽ ብናወጣትስ?”

“ጥበቃውን አባባንስ የት ልናደርጋቸው ነው? ተጠርተው ይመሰክራሉ።”

“እሺ፣ ዝም ብንል ደንበኛዋ ትተወዋለች።”

“የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ለመክሰስ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሰጥቷታል።”

ሕጉ ባለቤቱ ለሌባ ሁሉ ዋስ ይሁን አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ሲል፣ በ2029 ማድረግ የሚገባን መተውም ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ የሚመረመረው ከዚያ ምሽት በፊት የነበረው ጊዜ ነው፤ ምን ይታወቅ ነበር? ምን ተሠራ? ሦስት ጊዜ የተጻፈ ነገር “ያልታሰበ” አይባልም። አንድ አምፖልና አንድ ቁልፍ ነበር የጎደለው፤ ያንገበግባል።

ካሜራውም አልረዳትም። የመቅረጫው የውስጥ ባትሪ ስለሞተ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ከፋብሪካ ወደ ተሞላለት ይመለሳል፤ 20፡10 ማለት ሲገባው ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ሌሊት ያሳያል። ምስሉን ከመዝገቡ 2፡10 ጋር ማስታረቅ ራሱን የቻለ ክርክር ሆነ። በዕለቱ በፍላሽ መገልበጥ፣ መቅረጫው የሚለውንና ትክክለኛውን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፎ መፈረም ያስፈልግ ነበር፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ነው የሚቀጥለው።

ከጠበቃው ተመልሳ ስትገባ አባባ በሩ ላይ መዝገቡን ይዘው ጠበቋት።

“እትዬ፣ ከእንግዲህ ልጻፍ ወይስ ልተው?”

ትንሽ ዝም አለች። “ይጻፉ” አለቻቸው። “ማታ ማታ እኔ ጋ ያምጡት፤ ምን እንደተደረገ ከሥሩ ጽፌ እፈርማለሁ።”