የሴሬናን ዋንጫዎች ባነር ላይ ለምታወጡ፦ ዓመተ ምሕረቱን ለማንም አትስጡ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የልጃገረዶች ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ለወላጆች ቀን ልጆቹ አንዲት ስፖርተኛ መርጠው ታሪኳን በባነር እንዲያቀርቡ ተባለ። ደራርቱን ወይም ጥሩነሽን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አሜሪካዊቷን የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስን መረጡ። እሰየው አልኩ። ሜዳ ቴኒስ በቴሌቪዥን እንጂ በአካል አይተው አያውቁም። እኛ ጋ ያለው የጠረጴዛው ነው፤ እሱም መረቡ ተቀዷል።

መረጃ ማሰባሰቡ ቀላል ነው። ስልክ ያላቸው ልጆች ፈለጉ፣ እኔ አመሳከርኩ። አታሚውም መብራት ካለ ቶሎ ያደርሳል። የዋንጫውን ቁጥር ግን ቀድማችሁ ለዩ። 23ቱ ግራንድ ስላም (አራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች፦ አውስትራሊያ፣ ፈረንሳይ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን) በነጠላ ብቻ ያገኘቻቸው ናቸው። ከእህቷ ከቬነስ ጋር በጥንድ 14፣ በድብልቅ ጥንድ 2 አላት። ሲደመር 39 ነው። «ከሁሉም የበለጠች» ብላችሁም አትጻፉ። አውስትራሊያዊቷ ማርጋሬት ኮርት በነጠላ 24 አላት። እርግጥ 13ቱ ከእ.ኤ.አ. 1968 በፊት፣ ውድድሩ ለፕሮፌሽናሎች ሳይከፈት የተገኙ ናቸው። ልጆቹ «ከእ.ኤ.አ. 1968 ወዲህ የሴሬናን ያህል በነጠላ ያሸነፈች ሴት የለችም» ብለው ጻፉት። ትክክል ነው፣ ያምራልም።

እስከዚህ ሰላም ነበር። ችግሩ ማኅተሙ ጋ መጣ።

ጽሑፉ ታይቶ ማኅተም ካላረፈበት ለአታሚው ክፍያ አይወጣም። የሚያየው ባለሙያ ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ይሁኑ አለ። ይሁን፣ አልከፋኝም። እኔና ልጆቹ አንድ በአንድ ቀየርናቸው። ሥራው እንደውም ደስ የሚል ሆኖ አገኘነው። ሴሬና የተወለደችው መስከረም 16 ቀን 1974 ነው፤ የደመራ ዕለት! ስድስቱንም ዩኤስ ኦፕን ያሸነፈችው በጳጉሜ ነው። ከሦስቱ የፈረንሳይ ዋንጫዎቿ ሁለቱን ሰኔ 1 ቀን ነው ያነሳችው። አንዱ የአውስትራሊያ ድሏ በአስተርዮ ማርያም ዕለት ውሏል። ይህን ሳነብላቸው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የሩቋ ሴትዮ ድንገት የሰፈር ሰው ሆነችላቸው።

ሰውየው ግን ወረቀቱን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሁሉንም ሰረዘና በላዩ ሌላ ዓመት ጻፈ። 1994 የነበረው 1995 ሆነ። 2005 የነበረው 2006 ሆነ።

«መምህር፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ልጅም ያውቀዋል።»

«ጌታዬ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው 7 የሚሆነው። ከዚያ በኋላ 8 ነው» አልኩት።

«ታዲያ ልደቷን ለምን በ7 ቀነሳችሁ?»

«መስከረም ስለሆነ ነዋ!»

አልሰማኝም። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት መቀነስ «ወጥነት የለውም» አለ። ወጥነት! ቃሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። ዲግሪ ያለው ሰው ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረንጆቹ ዓመት ሲቀይሩ እሱ የት ነው የሚከርመው?

ይባስ ብሎ ክርክሩን የሚያጠናክር ምሳሌ አገኘ። ሴሬና የመጀመሪያውን ግራንድ ስላሟን ያገኘችው ማርቲና ሂንጊስን አሸንፋ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1999 ነው። «መስከረም 11 አዲስ ዓመት ነው፤ ስለዚህ 1992 ነው» አለኝ። ያ ዓመት ግን ጳጉሜ 6 የሆነችበት ነበር። ዕለቷ ጳጉሜ 6 ቀን 1991 ነች። በአንዲት ቀን ነው የሳተው። ካሌንደር ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ስልክ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ማኅተሙን በራሱ እርማት ላይ አሳረፈ። የወላጆች ቀን ደርሶ ነበርና ባነሩ እንዳለ ታተመ።

ገና ስንሰቅለው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀና ብላ አየችው። «ቲቸር፣ 1974 ተወልዳ በ1992 ካሸነፈች 18 አይሆናትም? እዚህ ጋ 17 ዓመቷ ይላል።» ሰውየው እዚያው ነበር። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እሷ ትበቃዋለች። ሳል ሳል አድርጎ ወደ ሻዩ ሄደ። ልጆቹ ነጭ ወረቀት ቆርጠው ትክክለኛውን ዓመት በላዩ ለጠፉበት። ለሪፖርት የተላከው ፎቶ ግን ወረቀቱ ሳይለጠፍ የተነሳው ነው። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

በሌላ ነገርም ተጣልተናል። መመሪያው ባነር ላይ ስኬት ብቻ ይውጣ ይላል። እኔ አልስማማም። ሴሬና በእኛ አቆጣጠር በ2009 ጥር አውስትራሊያ ላይ ስታሸንፍ ነፍሰ ጡር ነበረች። ነሐሴ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ተመልሳ ለአራት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደረሰች፤ አራቱንም ተሸነፈች፦ በከርበር፣ በኦሳካ፣ በሃሌፕ፣ በአንድሬስኩ። «ሽንፈት በወላጆች ቀን ምን ይሠራል?» ተባልኩ። በሌላ ወረቀት ጽፈን ከባነሩ ጎን ሰቀልነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን እያስነበቡ ብዙ የቆሙት እዚያ ወረቀት ጋ ነው። «ወልዳ ነው እንዲህ የሮጠችው?» አሉኝ አንዲት እናት። ስለ 23ቱ የጠየቀኝ ወላጅ አልነበረም።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። የፈረንጁን ዓመት አታጥፉ። እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉና የእኛን ከጎኑ አስቀምጡ፤ «በእኛ ብቻ» ቢሏችሁም። ጽሑፉን ለማኅተም ስትሰጡ ቅጂ ያዙ፣ እርማቱንም አስፈርሙ።

ቀኑን ሙሉ ስትከራከሩ እንዳትውሉ የቀየርነው ይኸውላችሁ። አውስትራሊያ፦ 1995፣ 1997፣ 1999፣ 2001፣ 2002፣ 2007፣ 2009። ፈረንሳይ፦ 1994፣ 2005፣ 2007። ዊምብልደን፦ 1994፣ 1995፣ 2001፣ 2002፣ 2004፣ 2007፣ 2008። ዩኤስ ኦፕን፦ 1991፣ 1994፣ 2000፣ 2004፣ 2005፣ 2006። ሁሉም 8 ተቀንሶ ነው። ከአራቱ የኦሊምፒክ ወርቆቿ የቤጂንጉ 2000፣ የለንደኖቹ ሁለቱ 2004 ናቸው። የሲድኒው ብቻ መስከረም ላይ ስለዋለ 7 ተቀንሶ 1993 ይሆናል። እዚያ ላይ «ወጥነት የለውም» የሚል ከመጣ መስከረም 18 መሆኑን ጽፋችሁ አሳዩት።