የቀዘቀዘ ቡና ሳይመር ማሞቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ያሞቅኩትን ቡና የቤት ሰው ቀምሶ «አሁን ነው የፈላው?» ስላለኝ ልቤ ሞልቶ ነው የምጽፈው። ጅማ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ቡና ማሞቅ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ቡናው ደጃችን ላይ እየተለቀመ ምን አሰነፈህ ትሉኛላችሁ። ግን ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ቡናውን ቀድቶ ስልክ ያነሳል፣ ወሬው ይረዝማል፣ ዞር ሲል ሲኒው በርዷል። ለአንዲት ሲኒ ብሎ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ከሰል አያይዞ ማን ይዘልቀዋል?

ጀበናውን መልሶ ከሰል ላይ መጣድ፣ ስቶቭ፣ ማይክሮዌቭ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ማይክሮዌቭ ኃይሉን ቀነስ አድርጎ፣ በየ20 ሰከንዱ እያወጡ ካማሰሉት ክፉ አይደለም። ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ሲኒ ግን እንዳታስገቡ፣ ቅቡ ብረት ስላለበት ብልጭ ብልጭ ይላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ዜሮ ነው።

ያስቸገረኝ ምሬቱ ነበር። ግማሹ ጥፋት የአተላው ነው። ጀበናው ውስጥ የቀረውን አቦል ከነአተላው መልሳችሁ ስታንተከትኩት፣ ከዱቄቱ መውጣት የሌለበት ሁሉ ተጠራርጎ ይወጣል። ቶና እኮ አዲስ ውሃ ይጨመርበታል! ይሄኛው አቦልም ቶናም አይደለም። ስለዚህ አሁን ቡናው ሰክኖ እንደተቀዳ፣ የተረፈውን ሳይቀዘቅዝ ቀስ ብዬ ከአተላው ለይቼ ክዳን ወዳላት ትንሽ የብረት ዕቃ እገለብጠዋለሁ። ዕቃዋን ከሂርማታ ገበያ ነው የገዛኋት፣ ለወተት ተብላ የተሠራች ትመስለኛለች፣ አሁን ግን ለማንም አላውሳትም።

የቀረው ግማሽ እሳቱ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ በሙቀት ላይ ሲቆይ ይፈራርስና ኩዊኒክ አሲድ የሚባለው ይበዛል፣ ያ የሚያኮማትረው ጣዕም ከዚያም ይመጣል። መዓዛው ደግሞ በእንፋሎት ይሄዳል፣ የሄደውን የሚመልስ ዘዴ የለም። ያለው መፍትሔ ቡናውን እሳት አለማስነካት ነው። ውሃ አፈላለሁ፣ ከእሳት አወርዳለሁ፣ ዕቃዋን እንደተከደነች ውሃው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን ራሱ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከእሳት ከወረደ በኋላማ ቡናውን ሊያፈላው አይችልም። መሃል ላይ አንዴ ዕቃዋን ወዝወዝ አደርጋለሁ። ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ቀጠን ብሎ ከወጣ በቃ። ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ግን አልፎበታል ማለት ነው። ጠርሙስ ከሆነ ዕቃችሁ፣ ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ እንዳትከቱት፣ ይሰነጠቃል።

«ፔርሙስ እያለ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ለአጭር ሰዓት። ሲቆይ ግን እዚያም ይጎመዝዛል። የሻይ ፔርሙስ ከሆነ ደግሞ ቡናው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፣ ምንም ብታጥቡት ጎማው ሽታውን አይለቅም። ለቡና ለብቻው ያዙ፣ ከመሙላታችሁ በፊት በፈላ ውሃ አለቅልቁት።

ምሬቱ ካልለቀቀ በጣት ጫፍ ጨው ጣል አድርጉበት። ጨው ምሬትን ያፍናል፣ የድሮ ሰዎች በጨው የሚጠጡት ለከንቱ አይደለም። ስኳር እየደፋችሁ ከምታድኑት ይሄ ይሻላል። እኔ ራሴ ስኳር አልተውኩም እንግዲህ፣ እሱን ተዉት። እንግዳ ሲመጣም ያሞቅኩትን አላቀርብም፣ ድፍረቱ የለኝም፣ እንደ አዲስ ይፈላል።

የወተት ቡና ላይ ግን ገና ነኝ። ውጭ ሲውል የዋለውን አላሞቅም፣ ወተቱ ይበላሻል። ወዲያው የቀዘቀዘውንም ባሞቀው ከላይ ስልባቦት ይዞ ከሥር ጣዕሙ ይጠፋል። የተሳካላችሁ ካላችሁ በምን ዕቃ እንደምታሞቁት ንገሩኝ።